ሄዶ የመጣ ፍጥነት

ለመሆኑ አንድ አውቶሞቢል «ከሁሉ ፈጠነ» የሚባለው መቼ ነው? ፋብሪካው ሲናገር? ሾፌሩ ሲምል? ወይስ መንገዱ ሲመሰክር?

እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዛዊው አንዲ ዋላስ ማክላረን ኤፍ 1 የተባለችውን መኪና ይዞ ጀርመን አገር ኤራ ሌሲየን ወደሚገኘው የፎልክስቫገን መፈተኛ መንገድ ወጣ። ቀጥ ያለው ክፍሉ ብቻ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 627 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር በረረች። በ2005 ቡጋቲ ቬይሮን በ1,001 የፈረስ ጉልበት እዚያው መንገድ ላይ 408 ደረሰች። በ2019 ያው ዋላስ፣ በዚያው መንገድ፣ 1,600 የፈረስ ጉልበት ባላት ቡጋቲ ሺሮን 490 ነካ።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ከ2005 እስከ 2019 ፍጥነቱ የጨመረው 20 በመቶ ነው፤ ጉልበቱ ግን 60 በመቶ። ምክንያቱ አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመጨመር ብዙ ሚሊዮን ይፈስሳል፤ ብዙ ገንዘብ በፈሰሰበት ደግሞ ማጋነን አይጠፋም።

አየር ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ከኋላ ሲመጣ ይገፋል። የሬኮርድ ደንብ ይህን ስለሚያውቅ መኪናዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄዳ እንድትመለስ ያዛል፤ የሚመዘገበውም የሁለቱ አማካይ ነው። በ2014 ሄነሲ ቬኖም ጂቲ ፍሎሪዳ ውስጥ በጠፈር መንኮራኩር ማረፊያ ሜዳ ላይ 435 ደረሰች፤ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። የዋላስ 490ም እንደዚሁ። የስዊድኗ ኮኒግሰግ አጌራ አርኤስ ግን በ2017 ኔቫዳ ውስጥ አውራ ጎዳና ተዘግቶላት፣ ሄዳ ተመልሳ 447 አስመዘገበች። ቁጥሩ ከ490 ያንሳል፤ ክብሩ ግን አያንስም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? በ2020 ኤስ ኤስ ሲ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ቱዋታራ የተባለችው መኪናው በዚያው የኔቫዳ ጎዳና በአማካይ 508 ሮጠች ብሎ አወጀ። ዓለም አጨበጨበ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ፊልሙን ያዩ አንዳንድ ሰዎችን ግን ነገሩ አላማራቸውም። መንገዱ አጌራ የሮጠችበት ስለሆነ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ምልክት የሚሆኑ ቦታዎችን መርጠው፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክተው፣ ለፈጀው ጊዜ አካፈሉት። የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ! ፊልሙ ላይ የተጻፈው ፍጥነትና መንገዱ የሚናገረው ፍጥነት አልገጠሙም። ፋብሪካው በ2021 መጀመሪያ ፍሎሪዳ ሄዶ እንደገና ሞከረ፤ በሁለት አቅጣጫ አማካይ 455 አገኘ። በዚያው ዓመት ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ያልተደረሰበት መሆኑን አመነ።

የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። 455 እውነተኛ ቁጥር ነው፤ የአጌራንም ይበልጣል። ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? ሐሰቱ እውነቱን ዋጠው።

በ2025 ያንግዋንግ ዩ9 ኤክስትሪም የተባለች የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ጀርመን ፓፔንቡርግ ላይ 496 ደርሳለች። ነገም ሌላዋ ትመጣለች። እኛ ተማሪዎች መቼም እነዚህን መኪናዎች አንነዳ ይሆናል። ቁጥር ሲነገረን ግን ከማጨብጨባችን በፊት «እንዴት ተለካ? ተመልሳስ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቤንዚን አይፈጅም።