መንጋጋ ውስጥ ለሚወጣ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ መድኃኒቶች



መንጋጋ ሲያብጥ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ካንሰርን ነው። ሆኖም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚወጣ እባጭ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

ከእነዚህ አንዱ ሐኪሞች «ጃየንት ሴል ግራኑሎማ» የሚሉት ነው። በብዛት የሚታየው ከ30 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች፣ ይልቁንም በሴቶች፣ በታችኛው መንጋጋ ላይ ነው። ስለዚህ በልጅዎ ወይም በልጅ ልጅዎ ላይ ሊያዩት ይችላሉ። ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ነገር ግን አጥንቱን እየበላ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ፊትንም ያሳብጣል።

የተለመደው ሕክምና እባጩን በቀዶ ሕክምና ጠርጎ ማውጣት ነው። እባጩ ትልቅ ከሆነ ግን ጥርስና አጥንት አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሐኪሞች በመድኃኒት ሊያሳንሱት ይሞክራሉ።

• ኮርቲዞን፦ ከማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ እባጩ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል፤ የተለመደው በሳምንት 1 ጊዜ ለ6 ሳምንታት ነው። የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

• ካልሲቶኒን፦ በመርፌ ወይም አፍንጫ ውስጥ በሚረጭ መልክ ለብዙ ወራት ይወሰዳል። አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያዳክማል።

• ዴኖሱማብ፦ እነዚያ ሕዋሳት እንዳይፈጠሩ የሚከለክል መርፌ ነው። የደም ካልሲየምን ሊቀንስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። እባጩ ባይጠፋም እንኳ ካነሰ፣ በኋላ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይቀላል። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል በራጅ መከታተል ያስፈልጋል።

ከመድኃኒቱ በፊት

መጀመሪያ ከእባጩ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ቀጥሎ የካልሲየምና የፓራታይሮይድ የደም ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ። ፓራታይሮይድ አንገት ውስጥ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ ከመጠን በላይ ሲሠሩ፣ በተለይ በትልልቅ ሰዎች ላይ፣ በማይክሮስኮፕ የማይለይ ተመሳሳይ እባጭ ያስከትላሉ። ያን ጊዜ መታከም ያለበት ዕጢው ነው፤ መንጋጋውን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው።

ለአጥንት መሳሳት መርፌ ለሚወስዱ

ዴኖሱማብ «ፕሮሊያ» በሚል ስም ለአጥንት መሳሳትም ይሰጣል። አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡት፤ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

በአፉላ የት ልሂድ?

ከኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪምዎ ይጀምሩ፤ ወደ አፍና መንጋጋ ሐኪም (ፔ ቬሌሴት) እንዲልክዎ ይጠይቁ። ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ሃይፋው ራምባም፣ ከተላኩ «ቶፌስ 17» መያዝዎን ያረጋግጡ። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባዎ መንገድ እንዲያስረዳዎ ያዛል። ስለዚህ ሳይገባዎ አይፈርሙ፤ የሚያስተረጉምልዎ ሰው ይጠይቁ።