«መብት» እና «ዜጋ»፦ የሁለት ቃላት ታሪክ

የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ በ1789 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሰነድ «የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ» ብለን እንተረጉመዋለን። ከጀርባው የሎክና የሩሶ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ሰው መብቱን ከተፈጥሮው ያገኛል፣ መንግሥትም የሚቆመው ያንኑ ለመጠበቅ ነው የሚለው ነው። ርእሱን የመለስንባቸው ሁለት የአማርኛ ቃላት ግን የመጡት ከሌላ ሥርዐት ነው።

«መብት» «ፈቀደ» የሚል ትርጉም ካለው የግእዝ ሥር ከወጣው «መባሕት» ጋር ይዛመዳል። መባሕት ፈቃድና ሥልጣን ነው፤ ፈቃድ ካለ ደግሞ ፈቃጅ አለ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከዚህ ትርጉም አልራቀም። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀውና የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥትን አርአያ ያደረገው ይህ ሰነድ የሕዝቡን መብት ያሰፈረው ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሉለት አድርጎ ነው። በአንጻሩ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10 ሰብአዊ መብት ከሰው ተፈጥሮ እንደሚመነጭ ይደነግጋል። ቃሉ አንድ ሆኖ ምንጩ ተለወጠ።

የ«ዜጋ» ጉዞ ከዚህም ይረዝማል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በጎጃም የመሬት ሰነዶች ዜጋ ማለት በባለርስት ጌታ ሥር የሚያድርና የሚያገለግል ሰው ነበር። ዛሬ የአገር ባለቤት ማለት ነው።

የቃላቱን ክብደት ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በመቂ አካባቢ መመዘን ይቻላል። በዚያ አገር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር፤ በሌላ ሰው መሬት ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መብት ቢጻፍለትም በሚያርሰው ማሳ ላይ የሚቆየው በባለመሬቱ ፈቃድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስቀረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ፈቀደ፤ መሸጥን ግን ከለከለ።

በመቂ «መብት» ከኦሮምኛው «ሚርጋ» ጋር ጎን ለጎን ይነገራል። ሚርጋ ቀኝ ማለት ነው፤ በውስጡ ፈቃጅ አይታሰብም። የፈረንሳይኛው «ድሯ»ም የቀጥተኛነትና የቀኝ ስም ነው። አማርኛ ግን መብትን ከሰጪ ጋር ማሰብ ስለ ለመደ «መብት ተሰጠን» ማለት ይቀናናል።

ከዚህ ተነሥተን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ሦስት አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ዜጋ» በመዝገበ ቃላት ሲገባ ሁለቱ ትርጉሞች ከነዘመናቸው ይለዩ፤ አለዚያ የጎጃሙን አገልጋይ በስሕተት የመብት ባለቤት አድርገን እናነባለን። ሁለተኛ፣ ሕግ ራሱ የፈጠረው መብት ሲሆን፣ ለምሳሌ የመሬት ይዞታ፣ «ሰጠ» የሚለው ግሥ ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ የሰውነት መብት ሲሆን «ዐወቀ»፣ «አረጋገጠ» ወይም «ጠበቀ» እንበል። የሰጠ ሊነሣ ይችላልና፣ በግሡ ምርጫ ብቻ የተፈጥሮን መብት ወደ ችሮታ እንዳንመልሰው እንጠንቀቅ።