ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ይውሉ ነበር? የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ሁለተኛ ትውልድና የማኅበር ሕይወቱ

የዛሬው ንግግሬ ከቻይናውያን ስደተኛ ወላጆች ተወልደው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ያደጉ ልጆች፣ በጥናቱ ቋንቋ ሁለተኛው ትውልድ የምንላቸው፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ስለ መሠረቱት የማኅበርና የባህል ሕይወት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በአንድ ኑዛዜ ልጀምር። የስደት ታሪክን ሳስተምር፣ ወደዚህ ትውልድ በደረስሁ ቁጥር በሰሌዳው ላይ የወንዝ ሁለት ዳርቻ እሥል ነበር። በአንዱ ዳር «ቻይና»፣ በሌላው ዳር «አሜሪካ» ብዬ እጽፍና በመካከል አንድ ወጣት አቆማለሁ። «በሁለት ባህል መካከል የቀረ ትውልድ» ብዬም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሱልኛል፤ እኔም ሙሉ ማርክ እሰጣቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ እነዚህ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነበር የሚውሉት?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ማንነታቸው ጭንቀት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስለ ውሏቸው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የዛሬው ንግግር ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ትውልዱ እንዴት ተገኘ?

ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱት ቻይናውያን አብዛኞቹ በደቡብ ቻይና ከሚገኘው ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የመጡ ወንዶች ነበሩ። መጀመሪያ ወርቅ ፍለጋ፣ ቀጥሎም ለባቡር ሐዲድ ሥራ፣ ለእርሻና ለልብስ ማጠቢያ ቤቶች ሥራ መጡ። በ1875 የወጣ ሕግ የቻይናውያን ሴቶችን መግቢያ አጠበበ። በ1882 ደግሞ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክል፣ ቀድሞ የገቡትም ዜግነት እንዳያገኙ የሚያግድ ሕግ ጸደቀ። የዚህ ውጤት በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በአሜሪካ ለነበረች ለአንዲት ቻይናዊት ሴት ወደ 27 የሚጠጉ ቻይናውያን ወንዶች ነበሩ። ሚስቱን ከቻይና ማምጣት በሕግ የሚፈቀድለት በዋናነት ነጋዴው ስለ ነበር፣ በቻይናታውን ቤተሰብና ልጅ ማየት ለረጅም ጊዜ ብርቅ ሆኖ ቆየ።

በዚህ ሁኔታ የተወለዱት ልጆች በሕግ ፊት ምንድን ናቸው? ይህን ጥያቄ የመለሰው የዎንግ ኪም አርክ ክስ ነው። ዎንግ ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ ምግብ አብሳይ ነበር። ቻይና ደርሶ በ1895 ሲመለስ «ዜጋ አይደለህም» ተብሎ ወደብ ላይ ታገደ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 1898፣ በ6 ለ2 ድምፅ፣ በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ ወላጆቹ ዜጋ መሆን ባይፈቀድላቸውም እርሱ ዜጋ ነው ሲል ወሰነ። ከዚህ በኋላ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ሕጋዊ ዕጣቸው ተለያየ፤ አባትና እናት ዕድሜ ልካቸውን የውጭ አገር ሰዎች፣ ልጆቻቸው ግን ከልደታቸው ጀምሮ ዜጎች ሆኑ።

በ1906 ከተማይቱን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የልደት መዝገቦችን አጠፋ። ብዙ ስደተኞች «እኔም እዚሁ ተወልጃለሁ» ብለው ተመዘገቡ፤ በዚህም በወረቀት ላይ ብቻ ልጆቻቸው የሆኑ ወጣቶችን ከቻይና ማስገባት ቻሉ። መንግሥት ይህን ለማጣራት ከ1910 እስከ 1940 በኤንጅል ደሴት በከፈተው ጣቢያ መጤዎቹን ስለ መንደራቸው ቤቶች፣ ስለ ጎረቤቶቻቸውና ስለ ውኃ ጉድጓዳቸው ሳይቀር ይመረምር ነበር። ስለዚህ በብዙ ቤቶች አንድ የእውነት ስም፣ አንድ የወረቀት ስም ነበር። ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ውጭ የማይነገር ነገር መኖሩን ነው።

ሁለት የተዘጉ በሮች

ይህ ትውልድ ሲያድግ ሁለት በሮች ተዘግተው ጠበቁት። የመጀመሪያው የአሜሪካ ኅብረተሰብ በር ነው። በ1885 የሜሚ ቴፕ ወላጆች ልጃቸው የሕዝብ ትምህርት ቤት እንድትገባ ተከራክረው በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረቱ፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ግን ወዲያው ለቻይናውያን የተለየ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እንኳ፣ በሠለጠኑበት ሙያ የሚቀጥራቸው አላገኙም። የምህንድስና ተመራቂ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት መሥራቱ የተለመደ ነበር። ከቻይናታውን ውጭ ቤት ለመከራየት ሲሞክሩም ለቻይናዊ እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚያስገድዱ የባለቤትነት ውሎች ይገጥሟቸው ነበር።

ሁለተኛው በር የሽማግሌዎቻቸው ነው። የቻይናታውን ሕይወት የሚመራው በትውልድ ወረዳና በዘር ሐረግ በተደራጁ ማኅበራት ነበር። እነዚህ ማኅበራት እኛ የአገር ልጆች ማኅበርና ዕድር የምንላቸው የሚሠሩትን አጣምረው ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል፤ አዲስ መጤ ይቀበላሉ፣ ጠበኛ ያስታርቃሉ፣ የሟችን አፅም ወደ ትውልድ መንደሩ ይልካሉ። ሥልጣኑ ግን በቻይና ተወልደው በመጡ አዛውንት ነጋዴዎች እጅ ነበር። አፅሙ ወዴት እንደሚላክ የማያውቅ፣ የትውልድ ወረዳው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነ ወጣት በዚያ ሸንጎ ድምፅ አልነበረውም። ሴት ልጅ ከሆነችማ ጉዳዩ የሚነሣም አልነበረም።

ቋንቋውም ቢሆን እንደሚታሰበው ቀላል አልነበረም። ልጆቹ የአሜሪካውን ትምህርት ቤት ጨርሰው ማታ ማታ ወደ ቻይንኛ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በዚያም ጥንታዊ ጽሑፎችን በቃል ያጠናሉ፣ ፊደላቱን በብሩሽ ይለማመዳሉ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች በቤት የሚናገሩት የታይሻንን አነጋገር ሲሆን፣ የማታው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ግን የካንቶን ከተማን አነጋገር ነበር። ስለዚህ «የአፍ መፍቻህን ተማር» ተብሎ የተላከው ልጅ የሚማረው እናቱ የማትናገረውን አነጋገር ነበር። እኔ በሰሌዳዬ ላይ በአንድ ቃል «ቻይና» ብዬ የጻፍሁት ዳርቻ ራሱ አንድ አልነበረም።

የሠሯቸው ቤቶች

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ይውሉ ነበር? አብዛኛው መልስ በራሳቸው እጅ በሠሯቸው ማኅበራት ውስጥ ይገኛል።

ቀዳሚው በ1895 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው የወርቃማው ክፍለ ግዛት ተወላጆች ማኅበር ነው። ስሙ ቻይናውያንን ከማይቀበል የነጮች ማኅበር ስም ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ የወጣ ነበር። አባላቱ በአሜሪካ የተወለዱ ወንዶች ሲሆኑ፣ ማኅበሩ በ1915 የቻይናውያን አሜሪካውያን ዜጎች ኅብረት የሚለውን ስም ያዘ። አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ጠበቃ ይቀጥራሉ፣ ዋሽንግተን ድረስ አቤት ይላሉ። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የዜጎችን ቻይናውያት ሚስቶች ሳይቀር ባገደ ጊዜ ኅብረቱ ባደረገው ትግል፣ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት የተጋቡ ሚስቶች እንዲገቡ በ1930 ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ይኸው ለሚስቶች መብት የታገለ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር።

በ1911 ጥቂት ልጆች ካቴይ የተባለ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር በቻይናታውን ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ1916 የወጣት ሴቶቹ ተከተለ። እነዚህ ሁለቱ በነጭ ፕሮቴስታንቶች እርዳታ የቆሙ ቢሆኑም ወጣቶቹ የራሳቸው አደረጓቸው፤ የኳስ ቡድን፣ የቴአትር ጓድ፣ የንባብ ክበብ መሠረቱባቸው። በ1927 ለሰፈሩ ሕፃናት የሕዝብ መጫወቻ ስፍራ ተከፈተ።

በ1924 ሰባት ወጣት ሴቶች የካሬና ክብ ክበብን አቋቋሙ። ስሙ የተወሰደው ክብ ሆኖ መካከሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው ከጥንቱ የቻይና ሳንቲም ነው፤ በምግባር ቀጥ ያለ፣ በዕውቀት የተሟላ መሆንን ያመለክታል። የክበቡን አሠራር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። በቻይና በጎርፍና በረኃብ ለተጎዱ ሰዎች ገንዘብ የሚያሰባስቡት የጃዝ ዳንስ ምሽትና የፋሽን ትርኢት አዘጋጅተው ነው። ዓላማው ከወላጆቻቸው አገር፣ ዘዴው ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው፣ ስሙ ከጥንት ሳንቲም የመጣ ነው። እነዚህን ሴቶች በየትኛው ዳርቻ ላይ ልናቆማቸው እንችላለን? እኔ ሞክሬ አልቻልሁም።

የ1936ቱ ክርክር

ይህን ትውልድ የሚያጠና ሁሉ የሚጠቅሰው አንድ ክርክር አለ። በኒውዮርክ የሚገኝ ጂንግ ሆክ የተባለ ክበብ በ1936 የጽሑፍ ውድድር አወጣ፤ ርእሱም የወጣቱ የወደፊት ተስፋ በቻይና ነው ወይስ በአሜሪካ የሚል ነበር። አንደኛ የወጣው የሃርቫርዱ ተማሪ ሮበርት ደን ለአሜሪካ ተሟገተ፤ ሁለተኛ የወጣው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ኬይ ሆንግ ለቻይና። ጽሑፎቹ በሜይ 1936 በቻይኒዝ ዳይጀስት ታተሙ፤ የስታንፎርድ የቻይናውያን ተማሪዎች ክበብም ደንን የሚነቅፍ ግልጽ ደብዳቤ ላከ። ያ ወር ለእኛ ምን እንደ ነበር አትረሱትም፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር የተያዘችበት ወር ነው። በ1931 ማንቹሪያ ስትወረር ቻይናን ያልታደገው የመንግሥታት ማኅበር እኛንም አልታደገንም። በደካማ አገር ልጅነት የሚመጣውን ውርደት ሁለቱም ተሟጋቾች ያውቁት ነበር።

እኔ ይህን ክርክር የጭንቀት ማስረጃ አድርጌ ለዓመታት ስጠቅስ ኖሬአለሁ። ከተማሪዋ ጥያቄ በኋላ ግን መጽሔቱን ራሱን ተመለከትሁት። ቻይኒዝ ዳይጀስት በኖቬምበር 1935 በቶማስ ቺንና በቺንግዋ ሊ የተመሠረተ፣ አሜሪካ የተወለዱ ቻይናውያን ለራሳቸው በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት መጽሔት ነው። በገጾቹ የስፖርት ውጤት፣ የክበቦች ዜና፣ ስለ ቻይና ጥንታዊ የፈጠራ ውጤቶች የሚያስረዳ ዓምድ፣ ስለ መኖሪያ ቤት ችግርና ስለ ሥራ ዕጦት የሚወተውት ርእሰ አንቀጽ ይገኛል። ወጣቶቹ «ወዴት እንሂድ?» ብለው የተከራከሩበት መድረክ ራሱ አንድ ቦታ ተተክለው የሠሩት ነው። ተከራካሪዎቹን ሰምቼ መድረኩን ሳላይ ቀርቼ ነበር።

ጃፓን በ1937 ቻይናን በወረረች ጊዜ የእነዚህ ማኅበራት ጉልበት ታየ። በ1938፣ በ1940 እና በ1941 «የሩዝ ሳህን» በተባሉት የጎዳና በዓላት ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ በአንድነት ለጦርነቱ ተጎጂዎች ገንዘብ ሰበሰቡ። በዲሴምበር 1938 ወደ ጃፓን ሊላክ የነበረ ውዳቂ ብረት እንዳይጫን ወደቡን ከብበው ቆሙ፤ የወደብ ሠራተኞቹም ሰልፉን አቋርጠው ሊጭኑ አልፈቀዱም። ቻይና የአሜሪካ የጦር ጓድ ከሆነች በኋላ፣ በ1943፣ የማግለያው ሕግ ተሻረ፤ ለቻይናውያን የተፈቀደው የመግቢያ ኮታ ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ

እዚህ ላይ ከባዱን ተቃውሞ መመለስ ይገባኛል። «እነዚህ ማኅበራት የመገለል ፍሬ ከሆኑ፣ መገለልን ልታመሰግን ነውን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ሳህን ያጠበ ሰው የባከነ ዕድሜው በየትኛውም የዳንስ ምሽት አይካስም። ከጦርነቱ በኋላ የሥራና የመኖሪያ በሮች ጥቂት በጥቂት ሲከፈቱ ብዙዎች ከቻይናታውን ወጥተው ኑሯቸውን ሌላ ቦታ መሠረቱ፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የእኔ ክርክር ከዚህ የጠበበ ነው። ባህልን ወላጅ ለልጅ የሚያወርሰው፣ በየትውልዱም የሚጎድል ቅርስ አድርገን ብቻ ካየነው ሁለተኛው ትውልድ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይታየናል። ሰዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው የሚሠሩት ሥራ አድርገን ካየነው ግን የምንቆጥረው ነገር ይለወጣል፤ ማን መዋጮ ሰበሰበ፣ ማን ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ ማን አዳራሽ ተከራየ ብለን እንጠይቃለን። በ1940 ቆጠራ በአህጉራዊቱ አሜሪካ ከነበሩት 77,504 ቻይናውያን ከግማሽ የሚበልጡት እዚያው የተወለዱ ነበሩ። ይህን ያህል ሰው በወንዝ መካከል ቆሞ አይኖርም።

ውድ ተማሪዎች፤ ዛሬ ብዙዎቻችን በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የተወለዱ የእኅትና የወንድም ልጆች አሉን። ስልክ ስንደውልላቸው መጀመሪያ የምንጠይቃቸው «አማርኛ ትችላለህ?» ብለን ነው። መልሱ ሲያንገራግር እናዝናለን፤ እነርሱም ያፍራሉ። እኔም ይህን ጥያቄ ለአንዲት የእኅቴ ልጅ ስንት ጊዜ እንዳቀረብሁላት አልቆጠርሁትም። በቅርቡ ግን ቅዳሜዋን የት እንደምታሳልፍ ጠየቅኋት። ንግግራችን በዚያ ቀን ረዘመ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚሁ ጥያቄ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። የማኅበራቱ ወረቀት ሳይጠፋ፣ መሥራቾቹም በሕይወት ሳሉ ይሁን።

ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ወንዙን መሣል ትቻለሁ።