ሙያ ለማስተማር ማን ይክፈል? (ከእንግሊዝ አገር ታሪክ)

ባለፈው ክረምት ከክፍላችን ጓደኞች አንዱ የመኪና ጥገና ሙያ ለመልመድ ፈልጎ ወደ አንድ ጋራዥ ሄዶ ነበር። ደመወዝ አልጠየቀም። ባለጋራዡ ግን፥ «ልጄ፥ ስንቱን አስተማርሁ! መፍቻ መያዝ ሲያውቁ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ይገባሉ። ከእንግዲህ ለጎረቤቴ ሠራተኛ አላሳድግም» ብለው መለሱት። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ በሰውየው ተቆጣን። ዳሩ ግን ታሪክ ስናነብ ይኸው መልስ ታላላቅ መንግሥታትን ጭምር ሲያስቸግር የኖረ መሆኑን ተረዳን። የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነገሩን ገልጦ ስለሚያሳይ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1563 በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን አንድ ሕግ ወጣ። ይኸውም ማንም ሰው ሰባት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ሳያገለግል በዚያን ጊዜ በነበሩት ሙያዎች እንዳይሠራ የሚከለክል ነው። ተለማማጁ በጌታው ቤት እየበላና እያደረ ይማር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨርቅ ያበላሻል፥ ቆዳ ያለ ቦታው ይቆርጣል፤ ስለዚህ ለጌታው ኪሳራ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሙያውን አውቆ ያለ ደመወዝ ስለሚሠራ ጌታው ያወጣውን ሁሉ መልሶ ያገኛል። ልጁ ቢኮበልል በሕግ ይመለሳል። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ጌታው የዘራውን ራሱ እንደሚያጭድ እርግጠኛ ነበር። እንዲያውም ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለማስገባት ለጌታው ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። መንግሥትም ከ1710 ጀምሮ በዚህ ገንዘብ ላይ ግብር ጣለ፤ እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ለአንድ ፓውንድ 6 ፔንስ ነበር። ዛሬ መንግሥት ተለማማጅ ለሚቀበል አሠሪ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ግን ይቀበለው ነበር!

የድኻ ልጆች ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የ1601 የድኾች ሕግ የየአጥቢያው ሹሞች የድኻ ልጆችን ለጌታ እንዲያስይዙ ሥልጣን ሰጣቸው። ከፋይ ወላጅ የሌለውን ልጅ ግን ብዙው ሰው አልፈለገም። ስለዚህ በ1697 አልቀበልም ያለ ሰው 10 ፓውንድ እንዲቀጣ ተወሰነ። አንዳንዱ መቀጫውን ከፍሎ ተገላገለ። ኋላም የጥጥ ፋብሪካዎች በተነሡ ጊዜ ባለፋብሪካዎቹ እነዚህን ልጆች በብዛት ወሰዱ፤ የፈለጉት ግን ትንንሽ እጆቻቸውን እንጂ ሙያ ሊያስተምሯቸው አልነበረም። በ1802 ፓርላማው የተለማማጆች ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዘዘ። 12 ሰዓት እንደ ምሕረት ከተቈጠረ፥ ከዚያ በፊት የነበረውን አንባቢው ራሱ ይገምተው።

የ1563ቱ ሕግም እያረጀ ሄደ። ዳኞቹ ሕጉ በወጣበት ዘመን ያልነበረ ሙያ በሕጉ አይገዛም ብለው ፈረዱ። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሠረገላ ሠሪ የራሱን ሠረገላ መንኰራኵር መሥራት ሲከለከል፥ መንኰራኵር ሠሪው ግን ሠረገላ መሥራት የሚችል መሆኑን አንሥቶ ነቅፎታል። በ1814 የሰባቱ ዓመት ግዴታ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ሙያ የማስተማሩ ነገር ለአሠሪዎችና ለሠራተኞች ማኅበራት ልማድ የተተወ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የባለ ሙያ እጥረት ጸና። አንዱ አሠሪ ያስተምራል፤ ሌላው ጥቂት ደመወዝ ጨምሮ የተማረውን ይወስዳል። ይህ የባለጋራዡ ነገር አይደለምን? በ1964 የወጣው ሕግ መልስ ሰጠ። ለየኢንዱስትሪው የሥልጠና ቦርድ ተቋቁሞ ከአሠሪዎች ሁሉ መዋጮ ይሰበስባል፤ ለሚያስተምሩት መልሶ ያድላል። በኢንጂነሪንግ ኢንዱስትሪ መዋጮው ከደመወዙ ድምር ከመቶ 2.5 ነበር። የማያስተምር ሰው የጎረቤቱን የማስተማሪያ ወጪ ይካፈላል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ ፍትሕ ያለበት ይህ ነው። ሆኖም ትንንሽ አሠሪዎች በወረቀቱ ብዛት አጉረመረሙ። በ1973 ሕጉ ላላ፤ ከ1981 ሕግ በኋላም አብዛኞቹ ቦርዶች ተዘጉ። የሕንፃ ሥራው ቦርድ ግን ቀረ፤ ግንበኛ ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ስለሚኖር አንድ ተቋራጭ ብቻውን ለማስተማር አይደፍርምና።

በ2017 መንግሥት ወደ መዋጮው ተመለሰ። የዓመት ደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ አሠሪ ከደመወዝ ወጪው ከመቶ ግማሽ እንዲከፍል ተደረገ፤ በ24 ወር ውስጥ ለተለማማጆች ካላዋለው ገንዘቡ ያልፈው ነበር። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ በ2015/16 ወደ 509,000 የነበረው የአዲስ ተለማማጆች ቁጥር በ2017/18 ወደ 376,000 ወረደ። ትልልቅ ድርጅቶች ከገንዘቡ ብዙውን ለቀድሞ ሠራተኞቻቸውና ለአለቆቻቸው ሥልጠና አዋሉት። አዲስ የሚገባው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በር ላይ ቀረ፤ እኛም በዚሁ ዕድሜ ስለሆንን ይህን ስናነብ አዘንን።

በአገራችን የእጅ ሙያ ራሱ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ ሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለ ተለማማጆች ይደነግጋል፤ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ይላካሉ። ነገር ግን ሦስት ሠራተኛ ያለውን ባለጋራዥ ለማስተማር የሚያተጋው ምንድር ነው?

የጓደኛችን አባት ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው እንደ ገና ወደ ባለጋራዡ ሄዱ። ልጁ ሙያውን ካወቀ በኋላ ሁለት ዓመት በዚያው ሊያገለግል፥ ቀድሞ ቢሄድ ግን አባቱ ሊከፍሉ ዋስ ጠርተው ተስማሙ። ፈተናችን እንዳለቀ በሐምሌ ይጀምራል።