ስሜት ልየታ፦ «ደብሮኛል» ስንል ምን ሆነን ነው?

ፊልሙ ይደብራል። ፈተናው ደበረኝ። ጓደኛዬ ስልክ አላነሳ ስትለኝ ደበረኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደብሮኛል። ይህ አንድ ግስ በከተማ ልጆች አፍ የስንቱን ስሜት ሥራ ጠቅልሎ እንደያዘ ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ያስገርማል። መሰልቸቱም ቅሬታውም ስጋቱም ሐዘኑም በእሱ ይነገራል። ቃሉን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ለጨዋታ ምቹ ነው፣ እኔም እለዋለሁ። ችግሩ ሌላ ቃል ስናጣ ነው። ያኔ ለሌላ ሰው ቀርቶ ለራሳችንም ምን እንደሆንን መንገር ያቅተናል።

እንዲህ እንበል። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሳምንታት የለፋችበትን ሪፖርት አለቃዋ ስብሰባ ላይ ሲያቀርብ ስሟን ሳይጠራ ቀረ። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አየት አድርጋ «ምን ሆነሻል?» ትላታለች።

«ምንም። ደብሮኛል።»

«ከሰው ተጣላሽ እንዴ?»

«ኧረ ከማንም አልተጣላሁም እማ፣ ተይኝ በቃ።»

እናት ግን አትተውም። ራቱን እያቀረበች «ተናደሽ ነው ወይስ ከፍቶሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅቱ ትንሽ ዝም ብላ «አልተናደድኩም» ትላለች። «ሰውዬው ክፉ አይደለም። ቅር ብሎኝ ነው። ስሜን ቢጠራው ምን ነበረበት?»

ልጅቱ ተናድጃለሁ ብላ ብታድር ኖሮ በማግስቱ ቢሮ የምትገባው ወይ ለጠብ ወይ ለኩርፊያ ነበር። ቅር ያላት መሆኑን ካወቀች ግን የምትናገረው ነገር አገኘች ማለት ነው። «ሪፖርቱ ሲቀርብ ስሜ ቢነሣ ደስ ይለኝ ነበር» ማለት ትችላለች። አለቃዋም ሳይደነብር ሊሰማው የሚችለው ነገር ነው።

እናትየው ልጇን የረዳችበትን፣ ስሜትን ከስሜት ለይቶ የማወቅ ችሎታ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኢሞሽናል ግራኑላሪቲ ይሉታል። ስያሜው በይበልጥ የሚታወቀው በቦስተን ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ በሚያስተምሩት በፕሮፌሰር ሊሳ ፌልድማን ባሬት ነው። ባሬት ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ ለጥናታቸው ከጠየቋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጭንቀትንና ድብርትን አንድ አድርገው ሲመልሱ አዩ። አንዱ ባለበት ሌላውም አለ፣ አንዱ በሌለበት ሌላውም የለም። ይህ የመለየት ችሎታ ከሰው ሰው ለምን እንደሚለያይ መመርመር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ተሳታፊዎቹ ስልክ ወይም ትንሽ መሣሪያ ይዘው ይውላሉ፤ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይጠየቃሉ። አሁን ምን ያህል ተናደሃል? ምን ያህል አዝነሃል? ምን ያህል ሰግተሃል? ንዴቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሐዘኑም ስጋቱም አብረው ከፍ የሚሉበት ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሩ እንዳልተሰማው። ሦስቱም በየራሳቸው ሰዓት የሚወጡና የሚወርዱለት ሰው ግን ስሜቱን ይለያል።

ሐሳቡ የሚመደበው ዛሬ በየሥልጠናው በሚነሣው የስሜት ብልህነት ሥር ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ ማኅበራዊ ብልህነት ጽፎ ነበር። የስሜት ብልህነትን በጥናት ደረጃ ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር ሲሆኑ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1990 ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ደግሞ ጋዜጠኛው ዳንኤል ጎልማን በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ስለ አማርኛው አንድ ነገር ልበል። ብዙዎች «ስሜታዊ ብልህነት» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ግን ስሜታዊ ሰው ማለት ቶሎ የሚግል፣ ሳያመዛዝን የሚናገር ሰው ነው፤ «ስሜታዊ አትሁን» ብለን እንመክራለን። ስለዚህ «የስሜት ብልህነት» ማለት ይሻላል።

ሜየርና ሳሎቬይ በ1997 ይህን ብልህነት በአራት ከፈሉት፦ ስሜትን በራስና በሰው ላይ ማየት፣ ስሜትን ለማሰብ መጠቀም፣ ስሜትን መረዳት፣ በመጨረሻም ስሜትን መግራት። ልየታው የሦስተኛው ክፍል እምብርት ነው። የማዝነው አብዛኞቹ ሥልጠናዎች ይህን ዘለው ወደ አራተኛው ስለሚሮጡ ነው። «ራስህን ተቆጣጠር፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ እስከ አሥር ቁጠር» ይባላል። የሚቆጣጠሩት ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ይቆጣጠሩታል? የቆጨው ሰው ያጣውን ዕድል ማካካሻ ይፈልጋል፤ የተጸጸተ ሰው የበደለውን ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ከሰው ዓይን ትንሽ ዘወር ማለት ይበቃው ይሆናል። ሦስቱንም እስከ አሥር በመቁጠር ማከም አይቻልም።

መሰየም በራሱ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል የማልረሳው ሙከራ አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ሸረሪት አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን ከአንድ ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት ፊት አቆሟቸው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አንዱ ቡድን የተሰማውን ፍርሃት በግልጽ ቃል እንዲናገር ተደረገ። ሌላው ሸረሪቱ እንደማይጎዳው ለራሱ እንዲነግር፣ ሌላው ስለ ሌላ ነገር እንዲያወራ ተደረገ፤ አራተኛው ዝም ብሎ አየ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ሲፈተኑ፣ በእጃቸው ቆዳ ላይ በሚለካው የላብ ምልክት ድንጋጤያቸው ይበልጥ ቀንሶ የተገኘው ፍርሃታቸውን በስሙ የጠሩት ናቸው። ልብ በሉ፣ ሲጠየቁ ከሌሎቹ ያነሰ ፈርተናል አላሉም፤ የቀለለው ሰውነታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አልኮል የሚጠጡ ወጣቶችን ተከታትሎ፣ ክፉ ስሜታቸውን ለይተው የሚገልጹት በተረበሹ ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚጠጡ አሳይቷል። ይህ ልየታው ራሱ መጠጡን እንደቀነሰ አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን ብቻ ነው የሚነግረን። ባሬት ስሜት እንዴት እንደሚፈጠር ያቀረቡት ሰፊ ንድፈ ሐሳብም ገና ያከራክራል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ግራኑላሪቲን በቀጥታ «የስሜት ቅንጣትነት» ማለት ይቻል ነበር፤ ለሰሚው ግን ምንም አይነግረውም። «ስሜትን ማበጠር» ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማበጠር ገለባ መጣል አለበት፣ እዚህ የሚጣል ስሜት የለም። «ልየታ» የሚለውን ቃል ሰው ከጤና ጣቢያ፣ ከቲቢና ከካንሰር ልየታ ያውቀዋል። ስለዚህ ስሜት ልየታ ብየዋለሁ፤ ግሱም ስሜትን መለየት ነው።

ለልየታው የሚሆን ቃል አላጣንም። ከፋኝ ሌላ ነው፣ ሆድ ባሰኝ ሌላ ነው፤ ሆድ የሚያስብሰን ብዙውን ጊዜ የምንወደው ሰው ነው፣ እንባም አለበት። ኩርፊያ አባባይ ይጠብቃል፤ ቂም ጊዜውን ይጠብቃል። እልህ ከንዴት ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ሥራ ያሠራል። አንዲት ፊደል እንኳ ትለያለች፦ አዘንኩልህ ያልኩት ሰውና አዘንኩብህ ያልኩት ሰው ከእኔ የሚጠብቁት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት እያለ ልጆቻችን በ«ደበረኝ» ብቻ እንዲያድጉ መተው ያሳዝነኛል።

እንቅፋቱ ቃል ማጣት ብቻም አይደለም። ይሉኝታ አለ። ቅር ብሎኛል ማለት ትንሽነት ይመስለናል፤ ስለዚህ «ኧረ ምንም አይደል» ብለን እናልፍና ከወራት በኋላ በሌላ ሰበብ እንፈነዳለን። ስሜትን ለይቶ ማወቅና ለሰው መንገር ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው። መንገሩ ቢከብድ እንኳ ለራስ ማወቁን ይሉኝታ አይከለክልም።

ከሰው ጋር ስንሆን ደግሞ የሌላውን ስሜት ፈርዶ መሰየም አደጋ አለው። «ለምን ትናደዳለህ?» የተባለ ሰው ባይናደድም ይናደዳል። የእናትየው ብልሃት ሁለት ቃል አቅርባ ምርጫውን ለልጇ መተዋ ነው። ልጅቱ አንዱን «አይደለም» ስትል ለትክክለኛው ቃል ቀረበች።

ይህ በተለይ ለወጣቶች ወላጆች ይጠቅማል። ከአምስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያሉ ሰዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ልየታው በልጅነት ጥሩ ሆኖ በጉርምስና እንደሚወርድ፣ ከዚያ እንደገና እንደሚሻሻል አግኝቷል። ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ስሜት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። ጎረምሳ ብዙ ስሜት አብሮ ይመጣበታል፤ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። «ደብሮኛል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ድብርቱ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድባቴ የተባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት አለበት። ራሱን ስለመጉዳት ካነሣማ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ይኬዳል። ባለሙያው ፊትም «ደብሮታል» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፉና ምግቡ እንዴት እንደሆነ፣ ይወደው ከነበረው ነገር የቱን እንደተወ ዘርዝሮ መንገር ያስፈልጋል።