የከባድ ጭነት መኪና የበረዶ ወራት ዝግጅት

በናፍጣ የሚሠሩ ከባድ መኪኖች ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ የሚደረግ ጥገናና ጥንቃቄ። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ከነዳጁ ነው። ናፍጣ በተፈጥሮው ሰም አለበት፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ሰሙ ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ሞተሩም ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ ለብርድ የተዘጋጀ ቀለል ያለ ናፍጣ ይቀላቀልበታል፣ ወይም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ አስቀድሞ ካልተጨመረ ግን እምብዛም አይፈይድም።

በአየር ፍሬን ውስጥ ያለ እርጥበትም በረዶ ሠርቶ መስመሩን ይዘጋል፤ የአየር ማድረቂያው ማጣሪያ መቀየር፣ የታንኮቹም ውኃ መራገፍ አለበት። ለራዲያተር ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ አንቲፍሪዝ የሆነ ድብልቅ እስከ −37 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነገር፣ ውኃ ያልገባበት ኤቲሊን ግላይኮል በ−13 ዲግሪ አካባቢ መርጋቱ ነው።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን የሚያልፍ ከባድ የንግድ መኪና ሰማዩ ቢጠራም የጎማ ሰንሰለት የመያዝ ግዴታ አለበት። መንገዱ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ሰንሰለት ማሰርን በደረቅ ግቢ መለማመድ ይበጃል፤ በውርጭ ሌሊት፣ በደነዘዘ ጣት፣ ትምህርት የለም።