«ካዛብላንካ» የተባለው ፊልምና በውስጡ የተጠራው የኢትዮጵያ ስም

የብራና መጻሕፍትን አሠራር የሚያውቅ ሰው አንድ መጽሐፍ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ቆዳውን የሚፍቀው ሌላ፣ ጽሕፈቱን የሚጽፈው ሌላ፣ ሥዕሉን የሚሥለው ሌላ፣ የሚደጕሰውም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉ ግን አንድ ነው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት በሆሊውድ የተሠሩትን ፊልሞች የፋብሪካ ዕቃዎች ናቸው፣ ከጥበብ አይቈጠሩም እያሉ የሚያናንቁ ሰዎች ባጋጠሙን ቍጥር ይህ ነገር ትዝ ይለናል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ፣ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

እርግጥ ነው፤ ስቱዲዮ የሚባለው የፊልም ሥራ ቤት ፋብሪካን ይመስል ነበር። ዋርነር ብራዘርስ፣ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር፣ ፓራማውንት፣ ፎክስና አር.ኬ.ኦ. የተባሉት አምስት ታላላቅ ኩባንያዎች ደራሲውንም፣ ተዋናዩንም፣ አናጢውንም፣ ልብስ ሰፊውንም በደመወዝ ቀጥረው ያሠሩ ነበር፤ የሠሩትንም ፊልም በራሳቸው ሲኒማ ቤቶች ያሳዩት ነበር። ተዋናይ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ውል ይታሰራል፤ ኩባንያው ሲፈልግም እንደ በቅሎ ለሌላ ኩባንያ ያከራየዋል። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹን ከሲኒማ ቤቶቻቸው ወደ መለያየት ያደረሰውን ፍርድ ከሰጠ በኋላ ይህ አሠራር እየላላ ሄዶ ፈረሰ።

ከዚህ ፋብሪካ ከወጡት መካከል አንዱን ለይተን ልንመረምር አስበናል፤ እርሱም ዋርነር ብራዘርስ በ1942 የሠራው «ካዛብላንካ» ነው። የመረጥንበት ምክንያት ዝናው ብቻ አይደለም። በውስጡ የአገራችን ስም የሚጠራበት ቦታ ስላለና ስለዚያ ቦታ የሚናገር ሰው እምብዛም ስላላገኘን ነው።

ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ እንነግራለን። ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ ከናዚዎች የሚሸሹ ሰዎች በሊዝቦን በኩል ወደ አሜሪካ ለመሻገር በሞሮኮ ወደብ በካዛብላንካ ተሰብስበው የይለፍ ወረቀት ይጠብቃሉ። ሪክ የሚባል አሜሪካዊ በዚያች ከተማ የምሽት ቡና ቤት ከፍቶ ይኖራል፤ በሰው ጕዳይ አልገባም የሚል፣ ልቡ የቈሰለ ሰው ነው። ቀድሞ በፓሪስ የወደዳት ኢልዛ ከናዚ እስር ካመለጠው አርበኛ ባሏ ከቪክቶር ላዝሎ ጋራ ወደዚሁ ቡና ቤት ትመጣለች። በሪክ እጅ ደግሞ ሁለት የይለፍ ወረቀቶች ገብተዋል። በወረቀቶቹ ከእርስዋ ጋራ ይሂድባቸው ወይስ ባሏን ያድንባቸው? የታሪኩ ሁሉ እንብርት ይህ ነው።

የፊልሙ መነሻ መሪ በርኔትና ጆአን አሊሰን የጻፉት፣ በመድረክ ሳይታይ የቀረ ቴያትር ነበር። ኩባንያው በ20,000 ዶላር ገዛው፤ የሥራው ኃላፊ ሃል ዋሊስም መንታ ወንድማማቾች ለሆኑት ለጁሊየስና ለፊሊፕ ኤፕስታይን፣ ቀጥሎም ለሃዋርድ ኮች እየሰጠ ለፊልም እንዲስማማ አስጻፈው። ቀረጻው በሜይ 25 ሲጀመር ጽሑፉ ገና አላለቀም ነበር። ኢልዛን ሆና የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን ከሁለቱ ወንዶች በይበልጥ የምትወደው ማንኛውን እንደ ሆነ ሳይነገራት ትሠራ እንደ ነበር በኋላ ተናግራለች። እንግዲህ በፊቷ ላይ የምናየው ማመንታት ግማሹ እውነተኛ ነው ብንል አንሳሳትም።

ሞሮኮንም ሄዶ ያየ የለም፤ ከጥቂት ትርኢት በቀር ሁሉም የተነሣው በካሊፎርኒያ፣ በበርባንክ በሚገኘው ስቱዲዮ ነው። በመጨረሻው ትርኢት የሚታየው አውሮፕላን ከእውነተኛው ያነሰ ምስል ስለ ነበረ፣ ትልቅና ሩቅ ያለ እንዲመስል ቁመታቸው እጅግ አጭር የሆኑ ሰዎችን እንደ መካኒክ አልብሰው በአጠገቡ አቆሙ፤ የቀረውን ጕድለት ጭጋግ ሸፈነው። ሳም ሆኖ የሚጫወተው ዱሊ ዊልሰን ከበሮ መቺ እንጂ ፒያኖ ተጫዋች አልነበረም፤ ዘፈኑ የእርሱ ድምፅ ነው፣ ጣቶቹ ግን የሌላ ናቸው። ሙዚቃውን ያቀናበረው የቪየናው ተወላጅ ማክስ ስታይነር ያንን የታወቀ ዘፈን አስወጥቶ በራሱ ድርሰት ሊተካው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን በርግማን ለሌላ ፊልም ፀጕርዋን ተቈርጣ ስለ ነበረ ትርኢቱን እንደ ገና ማንሣት አልተቻለም፤ ዘፈኑም በዚያ ምክንያት ተረፈ። ሪክ ኢልዛን ከባሏ ጋራ የሚያሰናብትበት መጨረሻም ቢሆን ከደራስያኑ በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያቆሙት የግብረ ገብ ደንብ ያገባች ሴት ባሏን ትታ ከወዳጇ ጋራ እንድትሄድ አይፈቅድም ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ፊልሙን ለማቃለል አይደለም። ፋብሪካው ሊሠራው የማይችለው አንድ ነገር በውስጡ አለና ነው፤ እርሱም ስደቱ ነው። ስማቸው በፊልሙ ከተጻፈው ዐሥራ አራት ተዋንያን መካከል በአሜሪካ የተወለዱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የፊልሙ ዲሬክተር ማይክል ከርቲዝ የቡዳፔስት ተወላጅ ነው። የናዚውን ሹም ሽትራሰርን ሆኖ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ሚስቱ አይሁዳዊት ስለ ነበረች በ1933 ከጀርመን የወጣ ሰው ነው። አስተናጋጁን ካርልን ሆኖ የሚያስቀን ሳካል ሦስት እኅቶቹ በናዚ ማጎሪያ አልቀውበታል። በቡና ቤቱ የቁማር ጠረጴዛ የሚያጫውተው ማርሴል ዳልዮ በፈረንሳይ የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ ናዚዎች ፓሪስን ሲይዙ የአይሁዳዊ መልክ ይህን ይመስላል ብለው ፎቶግራፉን በየግድግዳው ለጠፉት። እርሱና ወጣት ሚስቱ ማድሌን ለቦ በሊዝቦን በኩል ያመለጡት በተገዛ ቪዛ ሲሆን፣ ሜክሲኮ ሲደርሱ ቪዛው ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ጀርመኖቹ በቡና ቤቱ ሲዘፍኑ ላዝሎ ተነሥቶ የፈረንሳይን መዝሙር በሚያዘምርበት ጊዜ እንባዋን እያፈሰሰች የምትዘምረው ሴት ይህች ለቦ ናት። እርስዋን ማን እንድታለቅስ ያስተምራታል?

አሁን ወደ አገራችን ስም እንምጣ። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ካፒቴን ሬኖ፣ ሪክ ከውጭ ሲታይ ግድ የለሽ ቢመስልም በልቡ እንዲህ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት ማስረጃ ይጠቅሳል፤ አንደኛ በ1935 ለኢትዮጵያ ጠመንጃ በስውር ማሻገሩን፣ ሁለተኛ በ1936 በስፔን ከሪፐብሊኩ ወገን መዋጋቱን። ሪክ ተከፍሎኝ ነው ይላል፤ ሬኖም አሸናፊው ወገን ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይከፍልህ ነበር ብሎ ይመልስለታል። በኋላም ላዝሎ ይህንኑ ነገር ያነሣበታል። ደራስያኑ ይህ ሰው ቅን ነው ብለው ለመናገር ሲፈልጉ በመጀመሪያ የጠሩት የኢትዮጵያን ስም ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በኦገስት 1935 የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረች በሦስተኛው ቀን፣ በኦክቶበር 5፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይላክ በአዋጅ ከለከሉ። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነው፤ ነገር ግን ጣሊያን የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ነበሯት፣ እኛ ግን የባሕር በር እንኳ አልነበረንም። እንግዲህ ሪክ እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ የአገሩን ሕግ የጣሰ ሰው መሆኑ ነው። ፊልሙ ወደ አሜሪካ የማይመለስበትን ምክንያት ደብቆታል፤ እኛ ምክንያቱን ከዚህ ጋራ ብናገናኘው ማን ይከለክለናል? ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ንግግር ያደረጉት በጁን 30፣ 1936 ነው፤ በተከታዩ ወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለውን የንግድ ማዕቀብ አነሣ። ዲፕሎማቶቹ ሊያዩት ያልፈለጉትን ነገር ከስድስት ዓመት በኋላ ለገንዘብ የሚሠራ አንድ የፊልም ኩባንያ የሰው ቅንነት መለኪያ አደረገው።

ይሁን እንጂ የምንነቅፈውም አለን። በፊልሙ ውስጥ ያለው ጣሊያናዊ መኰንን ማንም የማይሰማው፣ ከጀርመኑ ኋላ ኋላ የሚሮጥ መሳቂያ ነው። የሆሊውድ ተመልካች ይስቅበት፤ የመርዝ ጋዝ በወረደበት አገር ግን ይህ ሣቅ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው የሚከብደው ነው። ሪክ በቡና ቤቱ በሚፈርመው ቼክ ላይ የተጻፈው ቀን ዲሴምበር 2፣ 1941 ሲሆን፣ በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ወር ያህል ሆኖ ነበር፤ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ጎንደርም የወደቀችው ኅዳር 18 ቀን፣ ማለት ከቼኩ አምስት ቀን ቀድሞ ነው። ሬኖ ስለ አሸናፊው ወገን ሲቀልድ ተሸናፊ ያለው ወገን አሸንፎ ነበር፤ ሪክም ይህን አላለውም፣ ፊልሙን በ1942 የጻፉትም አላረሙትም።

ፊልሙ በኖቬምበር 26፣ 1942 በኒውዮርክ ታየ፤ በ1944 በተሰጠው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካርን ሐውልት አገኘ። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሊያየው ለሚፈልግ፣ የተናገርንለት ቦታ ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም፤ ሁለቱ ሰዎች ከቡና ቤቱ ደጅ ሆነው ወደ ሊዝቦን የሚበረውን አውሮፕላን ካዩ በኋላ ነው።